የአምፖል ምች

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለየኔአለም፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ገብሱ ታጭዷል፣ ጉልበቴም እንደ ልማዱ ያጉረመርማል። በወረቀት የምጽፍልሽ በስልክ ስናወራ ስለማታስጨርሺኝ ነው። ዛሬ ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው ታነቢያለሽ።

መጀመሪያ ልንገርሽ፤ ከዶሮዎቹ ቤት ያስገጠምሽኝን አምፖል ፈትቼዋለሁ። ተቆጪ!

«ሌሊቱን ሙሉ ይብራላቸው፤ ቀን እየመሰላቸው እንቁላል ያበዛሉ» አልሽኝ፣ ከስልክ ላይ አይቼ ነው ብለሽ። እሺ አልሁ። ሃያዎቹ ዶሮዎችም ሦስት ሳምንት ሙሉ ጨለማ የሚባል ነገር አላዩም። መጀመሪያ ሰሞን እውነትም ጣሉ። ኋላ ግን ምን አለፋሽ፣ አበዱ! እርስ በርስ እየተነቃቆሩ ጀርባቸው ተራቆተ። ቆጥ ላይ መውጣት ተዉ። የእንቁላሉ ቅርፊት ሳስቶ ገና ስነካው ይሰበራል። ያቺ በስልክ አይተሽ የወደድሻት ገብስማ ሞታ አገኘኋት። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይላሉ፤ እኔ በአምፖል ጣልኋት።

ይሄ ምች ነው አልሁ። ፀሐይ ሰውን ከመታ፣ የማይጠልቅ አምፖል ዶሮን ለምን አይመታም? ከጓሮ ዳማከሴ ቀጥፌ፣ አሽቼ፣ ጭማቂውን ከሚጠጡት ውኃ ጨመርሁላቸው። ቢተው የሚባለው የዶሮ ባለሙያ መጥቶ ሲያይ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«እማማ ንግሥቴ፣ ምች እኮ የሰው ነው» አለኝ።

«አንተን ምች መትቶህ ያውቃል?»

«አዎ።»

«ማን አዳነህ?»

«እናቴ፣ በዳማከሴ።»

«እንግዲያው ዝም በል» አልሁት።

ግን እውነቱን አልደብቅሽም፤ ዳማከሴው አንድ ሁለት ቀን ያበርዳቸውና ተመልሰው ያው ናቸው። ኋላ የከተማው መብራት ሁለት ቀን ጠፋ። ሰው ሁሉ ሲያማርር የእኔዎቹ ገና ሳይመሽ ቆጥ ላይ ተደርድረው ተኙ። እንዴት ያለ እንቅልፍ መሰለሽ! ምች የመታው ሰው ዳማከሴ ጠጥቶ ተመልሶ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል እንዴ? ለካ በአንድ እጄ እያከምሁ በሌላው እመታቸው ኖሯል። አምፖሉን የፈታሁት ያን ጊዜ ነው። ዳማከሴውንም አልተውሁም፤ ባለሙያው ቢተው የፈለገውን ይበል። አሁን ላባቸው እየበቀለ ነው። እንቁላሉ ቀንሷል፤ ይቀንስ!

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ባለፈው እሑድ በቪዲዮ ስናወራ ሻሽሽ ሸሸት ሲል አየሁ። ያ ፀጉርሽ የት ሄደ? «ውኃው ነው» አልሽኝ። የአሠሪሽ ልጆች ጨለማ ስለሚፈሩ አብራችሁ የምትተኙበት ክፍል መብራት አይጠፋም ያልሽኝ አንቺው ነሽ። ቀን ሥራ፣ ሌሊት መብራት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በሰው አገር! የዶሮ ላባ ለምን እንደሚረግፍ ያወቀችን ሴት ውኃ ነው ብለሽ ታሞኛለሽ?

ደግሞ «ዶሮዎቹ እስኪበዙ ሁለት ዓመት ልጨምር» ብለሻል። አትጨምሪም! ዶሮዎቹን ሰበብ አታድርጊብኝ። ውልሽ ለፋሲካ ያልቃል፤ ሌላ ሳትፈርሚ ነይ። አሠሪሽ ከተቆጣች እዚህ ድረስ መጥታ እኔን ትናገረኝ። ባዶ እጇን መጣች የሚል ሰው ካለም መልሱን እኔ አውቃለሁ፤ አንቺ አብሽሪ።

የጎረቤታችን ልጅ ዘይነባ ወደዚያው ስለምትመለስ ይህን ወረቀትና የደረቀ ዳማከሴ ይዛልሽ ትመጣለች። እያፈላሽ ጠጪው። ግን መብራቱ እየበራ ዳማከሴ ብቻውን እንደማያድን በዓይኔ አይቻለሁ።

እመቤቴ ከጥላዋ ሥር ታሳድርሽ። ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ቃል ትሰውርሽ። አልጋሽን ከጓዳ፣ መስኮት ከሌለው በኩል አንጥፌዋለሁ። እስክትጠግቢ ትተኛለሽ፤ ማንም አይቀሰቅስሽም፣ እኔም ጭምር።

እናትሽ ንግሥቴ