ያልላክሁልህ ፓምፕ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ሲቀዘቅዝ የሚነሳብህ ወገብህስ ተሻለህ ወይስ እንደ ልማድህ «ደህና ነኝ» ብለህ አፍነኸዋል? እማዬ እንዴት ናት፣ ሳሉ ለቀቃት? እህቴና ባሏ፣ ሁለቱ ልጆቿስ ደህና ናቸው? አሮጊቷስ? መኪናህን ማለቴ ነው፤ ስለ እሷ ሳልጠይቅ ባልፍ እንደምትቀየመኝ አውቃለሁ። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም የጎደለብኝ ነገር የለም፤ ጤናዬም ሥራዬም ደህና ነው። ደህና ነው ብዬ ስጽፍ ግን እጄ ቆም አለብኝ፤ ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

በመጨረሻው ደብዳቤህ የመኪናህን የፊት መስታወት የሚያጥብ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የውኃ ፓምፕ እንድልክልህ ጠይቀኸኝ ነበር። በእጅ የሚጫኑት የድሮው ጎማ እንዳደከመህ፣ መስታወቱም ብታጥበው ብታጥበው ወተት የተቀባ እየመሰለ እንዳስቸገረህ፣ በተለይ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ስታደርስ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስትመጣብህ መንገዱ እንደሚጠፋብህ ጽፈሃል። ፓምፑን ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግስት ገዛሁት። ቱቦውን፣ ሽቦውን፣ ፊውዙን አሟልቼ፣ እንዴት እንደሚታሰር በሥዕል አስደግፌ፣ ካርቶን ውስጥ አሽጌ አድራሻህን ጻፍኩበት። ይኸው አልጋዬ ራስጌ እንደተቀመጠ አለ። አልላክሁትም፤ ለመላክም እጄ አልታዘዝ ብሎኛል። አትቆጣ አባዬ። ወይም ተቆጣ፣ ግን እስከ መጨረሻው ካነበብክ በኋላ ይሁን።

እዚህ ጋራዥ የኤሌክትሪክ ሥራ ሁሉ የሚመጣው ወደ እኔ ስለሆነ «ሽቦ» ነው የሚሉኝ፤ እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚያውቀው አለቃችን ብቻ ነው። ከሦስት ወር በፊት አንድ ሽማግሌ ደንበኛ መጡ። ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን በመነጽር አሻግረው ድንበር ሲለኩ የኖሩ፣ ንግግራቸው ቁጥብ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ። መኪናቸው ካንተዋ አሮጊት ብትበልጥ እንጂ አታንስም፤ አያያዛቸው ግን ያስቀናል። እንደ አንተው በጎማ ፊኛ ነበር ውኃ የሚረጩት። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን መጫኛ አሥር ጊዜ ቢጫኑ የሚወጣው አንድ ማንኪያ አይሞላም። በኤሌክትሪክ አድርጊልኝ፣ ነገር ግን ላየው ሰው ምንም የተለወጠ እንዳይመስል አሉኝ።

ሥራው እንዴት ደስ እንዳለኝ አንተ ትረዳኛለህ። የውኃ መያዣውን ኮፈኑ ሥር ሸሸግሁት፤ ፓምፑን ከታቹ ገጠምኩ፤ ቱቦውን በድሮው መንገድ አሳለፍኩ፤ የኤሌክትሪኩን ማብሪያ ደግሞ ከዚያችው ከድሮዋ መጫኛ ጀርባ ደበቅሁት። ጣትህን ስታሳርፍባት የድሮዋ ናት፤ ውስጧ ግን አዲስ ነው። አንድ ነገር ግን ተሳሳትኩ። የእነዚያ መኪናዎች አካል የሚታሰረው ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ጋር ነው፤ የዛሬዎቹ ደግሞ ከኔጋቲቩ። እጄ በልማድ እንደ ዛሬዎቹ አሰረው። ፓምፑ ወደ ኋላ ዞረ፤ ውኃውም በመርጨት ፈንታ ይንጠባጠብ ጀመር። ቱቦው ውስጥ አየር ቀርቶ ይሆናል ብዬ ወደ ምሳዬ ሄድኩ። አንተ ብታየኝ ኖሮ ካቻቪቴውን ቀምተህ ታባርረኝ ነበር።

በሳምንቱ ተመለሱ። መስታወቱ አሁንም አይጠራም አሉ። ሳየው ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅርታ ጠይቄ ሁለቱን ሽቦዎች አቀያየርኳቸው፣ ውኃውም መስታወቱን ተሻግሮ ጣሪያው ላይ እስኪደርስ ተረጨ። ይቺን ልብ በልልኝ አባዬ። የመጀመሪያው ስህተት የኔ ስለነበር፣ ከዚያ ወዲያ ያሉኝን ሁሉ ሳልመረምር ተቀበልኩ። እኛ እንዲህ ነው የተማርነው፤ ደንበኛ ሲያማርር ጥፋቱን መኪናው ላይ ፈልግ ነው። የሚነዳው ሰው ላይ ፈልግ ያለን የለም።

ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። የሚረጩትን ሁለት አፎች ቀየርኩላቸው፤ የዝናብ መጥረጊያውንም ጎማ አዲስ አደረግሁት። ለአራተኛ ጊዜ ሲመጡ ግማሽ ቀን ሙሉ መስታወቱን በጨርቅና በቅባት ፈተግሁት። ከዚያ መሪው ላይ ተቀምጬ አየሁ። መስታወት ያለም አይመስልም። መንገዱን አሻግሬ የዳቦ ቤቱን ሰሌዳ ፊደል በፊደል አነበብኩ። እሳቸው አጠገቤ ተቀመጡና ትንሽ አንጋጠው፣ ትንሽ ዘንበል ብለው አዩ። አሁንም ወተት ወተት ይላል አሉኝ፣ ቀስ ብለው፣ እኔን ላለማስቀየም እየተጠነቀቁ። ያኔ ነው ዓይኔን ከመስታወቱ አንሥቼ ወደ ዓይናቸው ያዞርኩት።

ሲወጡ ደግሞ ምሰሶው ላይ የተሰቀለውን የሥራ ካፖርቴን «ደህና ዋይ ልጄ» ብለው ተሰናበቱት። እኔ ከጀርባቸው ቆሜ ነበር። ጋራዡ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ እንዲያውም ሳምንቱን ሙሉ ካፖርቱን «እንዴት ዋልሽ ሽቦ» እያልኩ ስቀልድ የነበርኩት እኔው ነኝ። መኪናዋ ከግቢው ስትወጣ በቀኝ ጎኗ ላይ ከፊት በር እስከ ኋላ ጎማ የሄደ አዲስ ጭረት አየሁ። መኪናቸው ላይ አቧራ እንኳ የማያስቀምጡ ሰው ጭረቱን አላዩትም ነበር።

ለአለቃችን ነገርኩት። ሰውየው የሚያዩ አይመስለኝም አልኩት። ፊቱን አጨፈገገና እኛ የመኪና ሐኪሞች ነን እንጂ የሰው አይደለንም አለኝ፤ ሽማግሌን ዓይንህ አያይም ብለሽ ብታዋርጂ ነገ ማን ይመጣልሻል አለኝ። እኔም አፌን ዘጋሁ። ከአለቃዬ ጋር ላለመጋጨት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ እውነቱ ግን አፈርኩ። ለትልቅ ሰው፣ በአባቴ ዕድሜ ላለ ሰው፣ እንዴት አድርጌ እነግረዋለሁ? ለአምስተኛ ጊዜ ሲመጡ ፓምፑን በሚበልጥ ፓምፕ ለወጥኩላቸው። መድኃኒቱ እሱ እንዳልሆነ እያወቅሁ ለወጥኩላቸው።

ያ ሰኞ ነበር። በማግሥቱ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ፀሐይዋ በመንገዱ ልክ ፊት ለፊት በወጣችበት ሰዓት፣ በር ላይ ቆሜ የጋራዡን መዝጊያ እየከፈትኩ ነበር። ዳቦ ሻጯ ቅርጫቷን ይዛ ወደ እኛ ትሻገራለች። ጠዋት ጠዋት ዳቦ የምታመጣልን፣ «ፊትሽን በዘይት ነው እንዴ የምትታጠቢው» እያለች የምታሾፍብኝ ሴት ናት። የተሻገረችው በተሠመረው የእግረኛ መንገድ ላይ ነው። የፍሬን ድምፅ አልሰማሁም። ፍሬን አልተያዘማ። የሰማሁት ቅርጫቱ ሲሰበርና እሷ ስትወድቅ ነው።

ቀያሹ ከመኪናቸው ወርደው «ምንድን ነው የመታሁት? ሰው ነው?» እያሉ ይጠይቁ ነበር፤ እሷ ሦስት እርምጃ እንኳ ሳትርቅ፣ ከፊታቸው ተኝታ። ሰው ሁሉ ሲሮጥ እኔ መዝጊያውን ጨብጬ ቀረሁ።

ትራፊክ ፖሊሱ ሲመጣ ሽማግሌው የውኃ መርጫው አልሠራ ብሏቸው እንደሆነ ነገሩት። ዋሹ አልልም፤ የሚያምኑትን ነው የተናገሩት። ፖሊሱ ማን ነው የሠራው አለ። ሁሉም ወደኔ ዞረ። ግቢና ተጫኚው አለኝ። ገባሁ። ወንበሩ ገና ሙቀታቸውን አልለቀቀም። ያቺን የድሮ መጫኛ በአንድ ጣት ነካኋት፤ ውኃው በሁለቱም በኩል እኩል፣ እስከ ላይኛው ጠርዝ ድረስ ተረጨ፤ መጥረጊያውም ጥርግ አደረገው። በሠራሁት ሥራ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ሽማግሌው በተከፈተው በር በኩል የውኃውን ድምፅ ሰሙ። ወዲያው የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

ሴትዮዋ በሕይወት አለች፣ ተመስገን። ዳሌዋ ተሰብሯል፤ ትቁም አትቁም ሐኪሞቹ ገና ቁርጡን አልተናገሩም። ሄጄ ጠየቅኋት። አልተቆጣችኝም፤ ባትቆጣኝም አልቀለለኝም። አንድ ነገር ብቻ ደጋግማ ነገረችኝ። ዓይን ለዓይን ተያይተን ነበር እኮ አለችኝ፤ ያዩኝ መስሎኝ ነው የገባሁት አለችኝ።

ከሆስፒታል ስመለስ ነው ደብዳቤህን እንደገና ያወጣሁት። አሁን ሳነበው ሌላ ደብዳቤ ሆነብኝ። ወተት የተቀባ ይመስላል ትላለህ። ጠዋት ፀሐይ ስትመጣብኝ መንገዱ ይጠፋብኛል ትላለህ። እህቴ ገበያ አጠገቧ አልፈህ ሰላም ሳትላት ሄድክ ብላ መኩረፏንም በቀልድ ጽፈህልኛል። ከሽማግሌው አፍ የሰማሁትን ቃል በአንተ እጅ ጽሑፍ ሳየው ክው አልኩ። ፓምፑን ስገዛልህ ይህን ሁሉ አንብቤ ነበር፤ ልቤ ግን ያኔም መኪናው ላይ ነበር።

«ያንን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ» ማለት ትወዳለህ። ድሮ ስሰማው ይኮራ የነበረው ልቤ አሁን ይሸበራል። ጠዋት ጠዋት ሰባት ልጆች ትጭናለህ፤ ሁለቱ የእህቴ፣ አምስቱ የጎረቤት። መደገፊያ የሌለውን ድልድይ ትሻገራለህ። ቤታችን ስልክ ቢኖር ኖሮ ዛሬውኑ በደወልኩልህ ነበር። ይህ ደብዳቤ እጅህ እስኪገባ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ እኔ እዚህ ጠዋት ስነሣ የመጀመሪያው ሐሳቤ አሁን ድልድዩ ላይ ደርሷል የሚል ሆኗል። ደህና ተሻግረህ እንደሆነ የማውቅበት መንገድ የለኝም።

ስለዚህ እባክህ አንድ ነገር አድርግልኝ። ደብዳቤው በደረሰህ ማግሥት፣ ልጆቹን ሳትጭን፣ አሮጊቷን ዳር አቁመህ ውረድ። ፊትህን ወደ ፀሐይዋ መልሰህ በእግርህ ቁም። በአንተና በድልድዩ መካከል መስታወት የለም፣ አቧራ የለም፣ የደከመ ጎማ የለም። ጥርት ብሎ ከታየህ ስደበኝ፤ በልጅነቴ ካስለቀስከኝ በላይ አስለቅሰኝ፤ ፓምፑን ይቅርታ ጠይቄ እልክልሃለሁ። ያ ወተት እዚያም ካለ ግን መስታወቱን ተወው አባዬ፤ ዓይንህ ነው። ሞራ ከሆነ ይገፈፋል፤ ተገፎላቸው በመርፌ ቀዳዳ ክር የሚያሾልኩ ሰዎች አይቻለሁ። መታከም ውርደት አይደለም። እኔ ለአንድ ሽማግሌ አፍሬ ዝም አልኩ፤ ያንን ዝምታ ዕድሜ ልኬን እሸከመዋለሁ። ለአንተ ግን አላፍርም፤ ብትቀየመኝም ቂምህን እችለዋለሁ።

እማዬን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳምልኝ። እማዬ፣ አባዬ ጽዋውን ሊያነሣ እጁ ሲስት፣ ደጃፍ ላይ ሲደናቀፍ አይተሽ እንዳይከፋው ብለሽ ዝም ብለሽ ከሆነ ከእንግዲህ ዝም አትበዪ። የእህቴን ባል ሰላም በልልኝ፤ መሪውን በነካ ቁጥር እንደምትጮህበት አውቃለሁ፣ ለጥቂት ጊዜ ግን እሱ ይንዳ። ትልቁን ልጅ ጎበዝ ተማሪ ሁን በልልኝ፤ ትንሿን ጸጉሯን ዳብስልኝ። ጎረቤቶቻችንን፣ ልጆቻቸውን አምነው የሚሰጡህን ሁሉ፣ አንድ በአንድ ሰላም በልልኝ።

እህቴ፣ ለአንቺ የማቀርበው ሰላምታ የተለየ ነው። አባዬ ደብዳቤዬን ለማንም አሳልፎ ሰጥቶ አያውቅም፤ ራሱ ያነበዋል፣ አጥፎም ደረት ኪሱ ይከተዋል። ዛሬ ይህን መስመር ጮክ ብለሽ የምታነቢለት አንቺ ከሆንሽ ማንበቡን እዚህ ላይ አቁሚ። እጅሽን ዘርጊና የመኪናውን ቁልፍ ተቀበዪው።

የምትወድህ ልጅህ

ከጋራዡ በላይ ካለችው ክፍሌ
እሑድ ጠዋት፣ ኅዳር 9 ቀን