አልተኛሁም ነበር

ረቡዕ ጠዋት፣ ከቤት

ለምወድህ፣ ለሆዴ፣ ለሩቁ ልጄ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህ እንዴት ነው? ያ ማለቂያ የሌለው መንገድ፣ ጭነቱ፣ ጋቢና ውስጥ ማደሩ እንዴት ይዞሃል? «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እኛ ቤት ግን ሰሞኑን «ደህና ነን» የሚለው ቃል ረክሷል።

ባለፈው ስትደውል ስልኩን ያነሳው አባትህ ነው። ከባድ መኪና መጥቶብን ለጥቂት እንደተረፍን ነገረህ። «እናትህማ ተኝታ ነበር፣ ምንም አላየች» አለህ። ከጎኑ ቆሜ እሰማ ነበር። አንተም «ተኝታ ነበር?» አልክ። ከዚያ ስለ አየሩ ጠየቅህ። ከዚያ ወዲህ አልደወልክም። ሥራ በዝቶበት ነው እያልኩ ራሴን ላታልል ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። እኔ መኪና ውስጥ ተኝቼ እንደማላውቅ ከአንተ በላይ ማን ያውቃል? መንዳት ስትለማመድ ከጎንህ ቁጭ ብዬ ወለሉን በእግሬ ስረግጥ «እማ ፍሬን» ብለህ ያወጣህልኝ ስም ይኸው እስከ ዛሬ ሰፈሩ ሁሉ ይጠራኛል።

አልተኛሁም ነበር፣ ልጄ። ይህቺን አንዲት ቃል ለመጻፍ ስንት ወረቀት ቀደድኩ መሰለህ።

የአባትህ ዓይን ከደከመ ቆይቷል። እሱ አይናገረውም፣ እኔም አላነሳበትም። ጠዋት ቀድሜው እነሳና የስፌት መርፌዎቹ ላይ ሁሉ ክር አስገብቼ መሰኪያቸው ላይ እደረድራቸዋለሁ። እሱ ደግሞ መርፌ ከነክሩ የሚበቅል ይመስል አንዷን ነቅሎ ስፌቱን ይቀጥላል። ሱሪ የሚያሳጥር ደንበኛ ሲመጣ ሜትሩን የማነበው እኔ ነኝ። መኪና ውስጥም ያው ነው። «ቆይ» ስለው ይቆማል፣ «ግባ» ስለው ይገባል። ሰው ጭቅጭቅ ይለዋል፤ እኛ ግን የምንሄደው በዚያ ነበር። መንዳቱን ተው ልለው ይገባኝ ነበር። አላልኩትም። የሱን ክብር ጠብቄ ነው እልሃለሁ፤ ዘንቢል ተሸክሜ አውቶቡስ መጋፋቱንም ጠልቼ ነው።

የዚያን ቀን አክስትህ ቤት ምሳ ተጠርተን ነበር። ቤቱ በሰው ሞልቷል። አባትህ ሲጠግብ ጨዋታ ያምረዋል፤ ታውቀው የለ? «የኛ መኪና ሁለት መሪ አላት፤ አንዱ እኔ እጅ ላይ፣ አንዱ እሷ አፍ ውስጥ» አለ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። የአክስትህ ባል የጠጣው ሻይ በአፍንጫው ወጣ። እኔም ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን ተቃጠለ። ማን ሆነና የሚመራው? መኪናው ውስጥ ስንገባ «ከዛሬ ጀምሮ ከአፌ አንዲት ቃል ብትሰማ!» አልኩት። «እሰየው፣ ጆሮዬ ይረፍ» አለኝ።

ከሰፈሩ ወጥተን ዋናው አስፋልት ጋ ስንደርስ ቆመ። ልጄ፣ ከባድ መኪናውን አይቼዋለሁ። ከሩቅ ነው ያየሁት። አባትህ አንገቱን ወዲያና ወዲህ አዞረና ጠበቀ። ቃሌን ነበር የሚጠብቀው። እሱን እንዳይጠይቀኝ ክብሩ ያዘው፣ እኔን እንዳልነግረው ኩርፊያዬ ያዘኝ። «ይጠይቀኝና እነግረዋለሁ» አልኩ በሆዴ። ከንፈሬን ነክሼ በጎን መስኮት የሰው አጥር አያለሁ። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። ገባ።

ያን የሚያህል ጭነት የያዘ መኪና እንዳሰቡት እንደማይቆም የነገርከኝ አንተ ነህ። ከፊትህ ያለው ክፍተት ለትንንሾቹ መኪኖች ባዶ ቦታ እንደሚመስላቸው፣ ለአንተ ግን ፍሬንህ እንደሆነ። «እማ፣ ሰው ብረቱን ነው የሚያየው፣ ውስጡ ያለነውን አያይም» ብለኸኝ ነበር። የዚያን ቀን ግን ሰውየውን አየሁት። ከመስታወቱ ጀርባ ፊቱን፣ ግንባሩን፣ መሪው ላይ የተዘረጉ ክንዶቹን አየሁ። እሱም አየኝ። ያኔ ጮህኩ፣ ከረፈደ። ሰውየው መሪውን ጠመዘዘና ያን ሁሉ ብረት ይዞ ቦይ ውስጥ ገባ። እኛን ጭረት እንኳ አልነካንም።

ጭነቱ የሽንት ቤት መቀመጫና የእጅ መታጠቢያ ነበር። ነጭ ስብርባሪው መንገዱን ሞላው። ሰውየው አንድ ክንዱን በሌላው እጁ ደግፎ ወረደና ጭነቱን ዞሮ ሳያይ ቀጥታ ወደ እኔ መጣ። «እማማ፣ ተጎድተዋል?» አለኝ። ጉልበቴ ከድቶኝ መቆም አልቻልኩም። ከጋቢናው የራሱን ብርድ ልብስ አምጥቶ አለበሰኝና ከተረፉት መቀመጫዎች አንዱን አቅንቶ አስቀመጠኝ። አትሳቅ። ወይም ሳቅ፣ ከሱ ወዲያ ያለው አያስቅም።

ትራፊኩ መጣ። አባትህ «እኔ ገብቼ ጨርሻለሁ፤ እሱ ነው እንደ እብድ እየበረረ የመጣው» አለ። ሰውየው «ኧረ አባባ፣ እኔ በቀስታ ነበር የምመጣው» አለ እንጂ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ትራፊኩ ወደ እኔ ዞረ። «ማን ይናገር የነበረ ይባላል፣ እማማ። እርስዎ ምን አዩ?» አለኝ። አባትህ አየኝ። ሰውየውም አየኝ። «ተኝቼ ነበር» አልኩ። እንዲህ ነው የሆነው፤ በአደባባይ የሽንት ቤት መቀመጫ ላይ ተቀምጬ፣ የሰውየውን ብርድ ልብስ ለብሼ፣ በሰውየው ላይ ዋሸሁ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉ የለ? እሱም አልተከራከረኝም። ብርድ ልብሱ ከትከሻዬ ሲንሸራተት በደህናው እጁ መለሰልኝ።

ብርድ ልብሱን እንደለበስኩ ቤት ገባሁ። ነዳጅና ሳሙና ይሸታል፣ ልክ እንደ ያንተ ጃኬት። አጥቤ አሰጣሁት፤ ጎረቤታችን በአጥር ብቅ ብላ «እንግዳ መጣላችሁ እንዴ?» አለችኝ። በማግስቱ አንድ ደንበኛ ስለ አደጋው ሰምቶ «እነዚህ የከባድ መኪና ሹፌሮች እኮ ሰው አይመስሉም» አለ። አንተ መኪናህን ተደግፈህ የተነሳኸው ፎቶ ከስፌት ማሽኑ በላይ እንደተሰቀለ ነው። አባትህ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እኔም የሸሚዝ ቁልፍ መትከሌን ቀጠልኩ። ያን ቀን ፎቶህን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። በሕይወቴ አንተን ያፈርኩህን ያህል ማንንም አፍሬ አላውቅም።

ትናንት ቃላችሁን ፈርሙ ተብለን ትራፊክ ቢሮ ተጠራን። ብርድ ልብሱን አጥፌ ይዤ ሄድኩ። ሰውየው ኮሪደሩ ላይ፣ ክንዱ አንገቱ ላይ ታስሮ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሲያየኝ ተነስቶ «ጉልበትዎ ተሻለዎት፣ እማማ?» አለኝ። አሠሪው የመኪናውን ቁልፍ ተቀብሎ ከሥራ አግዶታል፤ እኛ ከፈረምን መንጃ ፈቃዱም ይሄዳል። ይህን የነገረኝ ትራፊኩ ነው እንጂ እሱ ትንፍሽ አላለም።

ወረቀቱን ሲያነቡልኝ «ተኝቼ ነበር» የሚለው ላይ ሲደርሱ «አልተኛሁም» አልኩ።  «አልተኛሁም። መኪናውን አይቼዋለሁ። ባለቤቴ አላየውም፣ ዓይኑ አያይለትም። በእሱ ፋንታ የማየው እኔ ነኝ፤ የዚያን ቀን ግን አኩርፌ ዝም አልኩት። ይህ ልጅ ምንም አላጠፋም» አልኩ። አባትህን ላለማየት ብርድ ልብሱን አየሁ።

 አባትህ ከኪሱ የመኪናዋን ቁልፍ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጠረጴዛው ግን እሱ ባሰበበት ቦታ አልነበረም፤ ቁልፉ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ በደህናው እጁ አነሳው፣ ለአባትህ መልሶ አስያዘው፣ ከዚያ እጁን ይዞ በቀስታ ወደ ጠረጴዛው መራው።

ጥፋቱ በእኛ ተጻፈ። ስንወጣ ብርድ ልብሱን ሰጠሁትና «ይቅር በለኝ» አልኩት። አሸተት አድርጎ «ሳሙና አብዝተውበታል» አለኝ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋና «ልጆቼ ሰሞኑን ‹አባዬ፣ ምን አጠፋህ?› ሲሉኝ ነበር፣ እማማ» አለ። ይቅር ብዬዎታለሁ አላለኝም። እኔም ደግሜ አልጠየቅሁትም። በአውቶቡስ ተመለስን፤ አባትህ እስከ ቤት፣ ከዚያም እስከ መኝታ አላናገረኝም።

ዛሬ ጠዋት እንደ ልማዴ ለመርፌዎቹ ተነሳሁ። ቀድሞኛል። ማሽኑ ጋ ተቀምጦ፣ በአንድ እጁ መርፌ በአንድ እጁ ክር ይዞ ይታገላል። በር ላይ ቆሜ አየሁት። መኖሬን ሲያውቅ ሳይዞር መርፌውን ወደ ኋላው ዘረጋልኝ። «አይታየኝም፣ አስገቢልኝ» አለ። ስንኖር ስንኖር ይህን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አስገባሁለት። እኔም ጊዜ ፈጀብኝ።

በል እንግዲህ፣ ስትደውል የማነሳው እኔ ነኝ። ብትቆጣኝም ተቆጣኝ፣ ስለ አየሩ ግን አትጠይቀኝ። መንገድ ላይ ሳያይ ከፊትህ ዘው የሚል ሽማግሌ ካጋጠመህ ከጎኑ ያለችውንም ሴት እያት፤ አኩርፋ ሊሆን ይችላል። ፈጣሪ ከፊትህ ለሚገባ ሁሉ ዓይን ይስጠው፣ ከጎኑ ለተቀመጠውም አንደበት ይስጠው። ጎማህ አይተንፍስ፣ እንቅልፍ በመሪ ላይ አያግኝህ፣ ከሄድክበት ሁሉ በሰላም ያግባህ።

እናትህ፣
እማ ፍሬን