አባቴ የጠየቁኝ ቃል

ኅዳር 3፣ ከሰዓት፣ መርሳ

የ9ኛ «ለ»ን የእንግሊዝኛ ፈተና አርሜ ጨረስኩ። ደብተሬ፣ ዛሬም አንተው ላይ ላውርደው። የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌ ተመልሷል። ርዕሱ «እንግሊዝኛ ለምን ይለወጣል?» ነው። እኔ ምን አገባኝ። ግን በወሩ መጨረሻ ካላስረከብኩ ከዩኒቨርሲቲው ተሰናበትኩ።

ስንፍና ቃልን ያሳጥራል፣ ወራሪ ቃል ያመጣል፣ ወጣት አዲስ ይፈጥራል የሚሉት ክፍሎች አልፈዋል። ፍርሃት ቃልን ይለውጣል የሚለው ግን ሕይወት የለውም አለኝ አማካሪዬ። ሰው የሚፈራውን በስሙ አይጠራም፤ ሌላ ቃል ያለብሰዋል። እንግሊዞች ድብን «ቤር» የሚሉት ጥንት የአውሬውን ስም መጥራት ፈርተው «ቡናማው» ስላሉት ነው ይባላል። ምን ሕይወት ልጨምርበት?

ነገ አባቴን ወልድያ ሐኪም ዘንድ እወስዳለሁ። ሆዳቸውን ካመማቸው ሰነበተ።

ኅዳር 4፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ሐኪሙ አባቴ ፊት በእንግሊዝኛ ነገረኝ። እንዲህ ያለው ነገር ለዘመድ እንጂ ለበሽተኛው አይነገርም። «ማሊግናንት» እያለ ደጋገመ፤ ካንሰር ነው። ቶሎ ደሴ ሄደው ኦፕራሲዮን ከሆኑ ተስፋ አለ። ከቆዩ የለም።

ስንመለስ ሲሪንቃ ላይ ሚኒባሱ ሰው ሲያወርድ፣ አባቴ ሐኪሙ ምን አለ? አሉኝ። ጨጓራ ነው አልኩ። ምነው አፌን በቆረጠው። አልሐምዱሊላህ ብለው ብርቱካን ገዙልኝ።

ኅዳር 6፣ ግራና፣ አባቴ ቤት

ከት/ቤት ፈቃድ ወስጃለሁ። እውነቱን የነገርኳቸው አጎቴና ወንድሜ ጓሮ ወስደው ለአባቴ እንዳልናገር አስማሉኝ። ከነገርሻቸው በድንጋጤ ትገድያቸዋለሽ አሉ። አባቴ ደግሞ ለጨጓራ ብዬ ማሽላዬን ጥዬ ደሴ አልሄድም፣ ከአጨዳ በኋላ ኢንሻአላህ ይላሉ። አንድ እጃቸው ሆዳቸው ላይ፣ አንዱ ማጭድ ላይ። ዝም ብል ይሞታሉ። ብናገር ደግሞ... ያ ረቢ፣ ምን ልሁን። ጽሑፉን አልነካሁም። ገደል ይግባ።

ኅዳር 8፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ

ከአባቴ ጋር ማሳው ዳር ተቀምጠን ነበር። ያ ሐኪም የደጋገማት «ማሊግናንት» ምን ማለት ናት? አሉኝ። ይዘዋታል ለካ። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ማስተማር ጀመርኩ። ከላቲን የመጣች ናት፣ ድሮ እንግሊዞች ተንኮለኛ ሰው፣ አመፀኛ ለማለት ይጠቀሙባት ነበር፣ ቃል በዘመን ብዛት ይለወጣል እያልኩ ክፍል ውስጥ እንዳለሁ አስረዳኋቸው። ማጭዳቸውን አስቀምጠው ሰሙኝ። ወሬዬ ሲያልቅ፣

«አሁንስ?» አሉ።

ውሃ ላምጣ ብዬ ተነሣሁ። የውሃው ጀሪካን አጠገባችን ሞልቶ ተቀምጧል።

ኅዳር 9፣ ጠዋት

አልቻልኩም። ደብተሬ፣ እኔም ያው ፈሪ ነኝ፤ በሽታውን የጨጓራ ስም አለበስኩት። ለወንድሜ ደወልኩ። መሐላዬን አፈርሳለሁ፣ የመሐላ ማካካሻውን፣ ካፋራውን፣ እከፍላለሁ አልኩት። ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ይዝጋው።

አባቴ ማሳው ላይ ናቸው፣ ከበሩ ይታዩኛል። የሐኪሙን ወረቀት ይዣለሁ። መጀመሪያ ማጭዱን ከእጃቸው እቀበላለሁ። ከዚያ የ«አሁንስ?»ን መልስ በገዛ ቋንቋችን፣ በስሙ፣ ሳላለሳልስ...

ቀና አሉ። አዩኝ። እየጠሩኝ ነው። ሄድኩ።