ዋጋው ላልተጻፈበት አምስት ሳንቲም የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የመንግሥት ሳንቲም ማተሚያ ቤት የበላይ ኃላፊ
ፊላደልፊያ

ክቡር ሆይ፤ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ? እኔ በኦሃዮ ወንዝ ዳር ሸሚዝ የምሸጠው ኦባዲያ ክራንዴል፣ የማፍርበት ፊት እስካለኝ ድረስ ደህና ነኝ ማለት ይቻላል። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ያወጣሁት እርስዎን ለማመስገን ነው።

አንደኛ፤ በልጅነቴ አምስት ሳንቲም ማለት ጣት ላይ የምትጠፋ ቀጭን የብር ቁራጭ ነበረች፤ ከወርቅ ጋር የሚያምታታት ሰው አልነበረም። ያቺን አስቀርታችሁ ወፍራም የኒኬል ሳንቲም ስለሰጣችሁን ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሁለተኛ፤ ዘንድሮ ባወጣችሁት ኒኬል ላይ የአምስት ቁጥርን ቀርጻችሁ «ሳንቲም» የሚለውን ቃል በመተዋችሁ፣ ስፋቱንም ከአምስት ዶላሩ ወርቅ ጋር እኩል ሊሆን ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በማስፋታችሁ፣ ኒኬሉን በወርቅ ቀብቶ «አምስት ዶላር ነው» የሚል ሁሉ ባለጸጋ ሆኗል።

ሦስተኛውን ግን በእርስዎ ስም መመዝገብ አልቻልኩም፤ የእኔ ነውና።

በመጋቢት ጥሩ ካፖርት የለበሰ መንገደኛ አንገትጌ ገዝቶ እንዲህ ያለውን ቅብ ኒኬል በአምስት ዶላር ወርቅ ፋንታ ሰጠኝ፤ መልሱን አስረክቤ እጅ ነስቼ ሸኘሁት። በማግስቱ ያንኑ ሳንቲም፣ ሸሚዝ ለምትሰፋልኝ መበለት ለወይዘሮ ሎቪና ፕራት የወር ድካሟ ብዬ ከፈልኳት። አላወቅሁም ነበር፤ እስከዚህ ድረስ ንጹሕ ነኝ።

ዱቄት ልትገዛበት ስትል ነጋዴው በቢላ ጫፍ ፍቆ አየውና ሸሪፉን ጠራ። ሸሪፉ ይዟት ወደ ሱቄ መጣ። ሱቁ በደንበኛ ሞልቶ ነበር። ወይዘሮ ሎቪና ድምጿን ሳታነሳ፣ «አቶ ክራንዴል፣ ከእጅዎ ነው የተቀበልኩት፤ ይንገሯቸው» አለችኝ። ደንበኞቼን አየሁ። የሱቄ ስም በክፉ ሲነሳ ታየኝ።

«እኔ የሰጠኋት ንጹሕ ወርቅ ነው» አልኩ።

አራት ቀን ታሰረች። በመጨረሻ ዳኛው፣ አምስት ምን እንደሆነ ያልጻፈው መንግሥት ራሱ ነው ብሎ ለቀቃት። ቤቷ የነበሩትን ሸሚዞቼን ጨርሳ፣ ቁልፋቸውን ተክላ፣ አጣጥፋ ላከችልኝ።

እውነተኛ ወርቅ ይዤ በሯ ላይ ቆምኩ። ተቀበለችኝ፤ ድካሟ ነውና። ይቅርታ መጠየቅ ስጀምር ግን አቋረጠችኝ፦ «የዋሹት ሰው ፊት ነው። እውነቱንም ሰው ፊት ይናገሩልኝ።»

ይህን ለማድረግ ሰባት ወር ፈጀብኝ። እናንተ የጎደለውን ቃል በጥቂት ወራት ጨምራችኋል፤ በዚህ እንኳ በለጣችሁኝ። እንግዲህ ሸሪፉም፣ ዱቄት ነጋዴውም፣ ያን ቀን ሱቄ የነበራችሁም ስሙ፦ ሳንቲሙን የሰጠኋት እኔ ነኝ። እያወቅሁ ካድኋት።

በመሥሪያ ቤትዎ ጥበብ እየተደነቅሁ፣ በራሴ ግን እያፈርኩ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ኦባዲያ ክራንዴል
ጥቅምት 1883

ማስታወሻ፦ በከተማችን ሲያልፉ ሸሚዝ ካማረዎ ወደ እኔ አይምጡ፤ ወይዘሮ ሎቪና የምትሰፋው ከማዶ ላለው ሱቅ ነው። ክፍያዋን በብር ዶላር ብቻ ትቀበላለች፤ እያንዳንዱንም የከፋዩን ፊት እያየች ድንጋይ ላይ ጥላ ድምፁን ትሰማለች። ማተሚያ ቤቱ የእኔ ነው ቢሏትም አይቀርልዎትም።