ከጀብሪል ስልክ የተላኩልሽ ዘፈኖች

ለምወድሽ እህቴ ለፈርሂያ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? አሠሪሽ አሁን ታስተኛሻለች? አላህ ካለሽበት በሰላም ይመልስሽ። የእኛን ከመጻፌ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ደብዳቤውን ያመጣችልሽ ሀጀራ አጠገብሽ ካልተቀመጠች ወረቀቱን እጠፊውና ጥሪያት።

ወንድማችን ጀብሪል ሞቷል። አራት ወሩ ነው። እሱና ጓደኛው ታደለ አቀስታ ሠርግ አጫውተው ሲመለሱ፣ የተሳፈሩበት የጭነት መኪና ጉም ውስጥ መንገድ ስቶ ተገለበጠ። ታደለ እጁ ተሰብሮ ተረፈ። ጀብሪልን ከስፒከሩ ሥር አወጡት።

አባዬ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ልጄ በሰው አገር ብቻዋን ሰምታ ምን ትሆንብኛለች አሉ። ሽማግሌዎቹም ተስማሙ። ስትደውዪ «አዲስ አበባ ስቱዲዮ ገብቷል» የተባልሽው ለዚህ ነው። ዘፈኖቹን ከስልኩ የላክሁልሽ እኔ ነኝ። አንቺ በገዛሽለት ኮምፒውተር ውስጥ ገና ያላወጧቸው አራት ነበሩ፤ በየወሩ አንዳንድ እያደረግሁ፣ «የኔ ጌጥ» እያልሁ እንደ እሱ ጻፍሁልሽ። ከጓደኞችሽ ጋር ስትጨፍሪ ቀርጸሽ የላክሽ ቀን ክፍል መግባት አቅቶኝ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ዋልሁ።

የእሱና የታደለ የሙዚቃ ቡድን የኖረው ሰባት ወር ብቻ ነው። «መብራት መጣ» ብለው የሰየሙት፣ ዘፈን በጀመሩ ቁጥር መብራት ስለሚጠፋባቸው ነበር። የሴቶቹን የሠርግ ጭብጨባ ቀድተው ከኮምፒውተሩ ምት ጋር ሲያዋህዱ፣ ጎረቤታችን ጋሽ አስናቀው ይሄ ዘፈን ነው ወፍጮ ብለው አሾፉባቸው። ጀብሪልም ወፍጮ ከሆነማ እህልዎን ይዘው ይምጡ አላቸው። ስቀው ለልጃቸው ሠርግ የጠሯቸው መጀመሪያ እሳቸው ናቸው። አሁን ታደለ ያንን ኮምፒውተር በዓይኑም ማየት አይፈልግም።

ባለፈው ሳምንት አምስተኛውን ላክልኝ፣ ደውለህ ድምፅህንም አሰማኝ ብለሽ ጻፍሽ። አምስተኛ የለም፣ እህቴ። ድምፁንም ከየት ላምጣልሽ? እቴቴን ለፈርሂያ እንንገራት ብላት እግሬ ላይ ወደቀች። አንድ ሰው ዘንድ እንኳ በሕይወት ይኑርልኝ አለችኝ። እናት እግር ላይ ስትወድቅ ምን ይደረጋል? ግን ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልሁም። ሀጀራ ወደ አንቺ እንደምትሄድ ስሰማ ከማንም ሳልማከር ጻፍሁ።

አባዬ ሰላም ይሉሻል። እቴቴ ትስምሻለች። ታደለም በግራ እጁ ስምሽን ጽፎ ሰላም በልልኝ ብሏል። መጻፌን የሚያውቅ ከእሱ በቀር የለም። እቴቴ ዘንድ ስትደውዪ አስቀድመሽ እኔን አስጠሪኝ፤ ስልኩን ስታነሳ ደግፌ እንድይዛት። አንቺ ዘንድ በሕይወት የቀረባትን ያቺን ቦታም የነጠቅሁት እኔ ነኝና ይቅር በይኝ።

ወንድምሽ አብዱራህማን
መካነ ሰላም፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.