የመራመጃ ብረቶቹ ስለተነቀሉበት ክፍል

ለተከበሩ የማገገሚያ ማዕከላችን ሥራ አስኪያጅ
መርሳ፣ ሰኔ 2009 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ከነቤተሰብዎ፣ ከነመኪናዎና ከነወንበርዎ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከወገቤ በላይ ደህና ነኝ፤ ከወገቤ በታች ስላለው ጉዳይ ነው የምጽፍልዎ።

ሰሞኑን እርስዎ የላኳቸው ሁለት ሰዎች ግቢዬ ድረስ መጥተው፣ ብረት ይዤ ቆሜ ፎቶ እንድነሣ፣ ፎቶውም የዓመቱ ሪፖርት ሽፋን ላይ እንደሚወጣ፣ አዲሱ የስብሰባ አዳራሽ ሲመረቅም በእንግዶች ፊት ቆሜ እንድታይ እንደሚፈለግ ነግረውኛል። ይህን ያህል ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። ነገር ግን እንዴት እንደቆምኩ ፎቶው ስለማይናገር፣ እኔው በዚህ ግልጽ ደብዳቤ በሕዝብ ፊት ልናገር ወደድኩ።

የአይሱዙ ሹፌር ነበርኩ። አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ የማይሆንልኝ፣ ምሳዬን እንኳ ቆሜ የምበላ ሰው ነበርኩ። ከግራና ከተማ ሽንኩርት ጭኜ ወደ ወልድያ ስሄድ፣ ሲሪንቃን እንዳለፍኩ መኪናው ተገለበጠና አከርካሪዬ ተጎዳ። አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ያደረጉልኝ ሐኪም «ነርቭህ ተጎድቷል እንጂ ጨርሶ አልተበጠሰም፤ አገርህ ገብተህ ሳታቋርጥ ከሠራህ ልትቆም ትችላለህ» አሉኝ። «ሳታቋርጥ» የምትለዋን ቃል ይያዙልኝ።

ማዕከልዎ ውስጥ ምሕረት የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አገኘሁ። እግሬን እያነሳች ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፤ ከዚያ መዳፏን ከእግሬ ጣቶች ሥር አድርጋ «እስቲ ግፋኝ» ትለኛለች። ለረጅም ጊዜ የምገፋው በሐሳቤ ብቻ ነበር። አንድ ጠዋት አውራ ጣቴ ገፋት። ዞር ብላ ዓይኗን ጠረገች። እኔም ለሚስቴ ለአስካለ ደውዬ፣ ምሕረት እንድትነግራት ስልኩን ሰጠኋት። ብዙም ሳይቆይ በሁለቱ ረጃጅም የመራመጃ ብረቶች መካከል እየደገፈች ታቆመኝ ጀመር። እስከዚህ ድረስ ምስጋናዬ የእውነት ነው። ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

አንደኛ፣ ጥልቅ ተሐድሶ የሚባለው የመንግሥት ሠራተኞች ስብሰባ ሲመጣ፣ በግቢው ውስጥ በሩ ላይ «የተሐድሶ ክፍል» የሚል የተጻፈበት የእኛ ክፍል ብቻ ስለነበር፣ ቦታ መምረጥ እንዳልከበደዎ እረዳለሁ። ብረቶቹ ወንበር ለመደርደር ስላልተመቹ ተነቅለው ከጓሮ ተጣሉ። እኛ መታደስ የፈለግነው ከወገባችን በታች ብቻ ስለሆነ ጉዳያችን ጥልቅ ሆኖ አልተገኘም።

ሁለተኛ፣ ምሕረት ጽሕፈቷ ያምራል ተብሎ የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ያዥ ተደረገች። የስብሰባው ሐሳብ ሁሉ ተመዝግቦ በመቀመጡ ደስ ብሎኛል፤ የእኔም እግር እንዲሁ ተቀምጧል።

ሦስተኛ፣ ይህንኑ ልነግርዎ መጥቼ ነበር። ቢሮዎ ፎቅ ላይ ነው፤ ለአካል ጉዳተኞች ማዕከል ተስማሚ አሠራር ነው፣ ባለጉዳይ አይበዛብዎትም። ጸሐፊዎ ከደረጃው ራስ ሆና «ይታገሱ» ስትል ስሜን የጠራችኝ መስሎኝ «አቤት» አልኩ። «አይ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ትንሽ ይታገሱ ማለቴ ነው» አለችኝ። እናቴ ስም ስታወጣልኝ የመሥሪያ ቤትዎን አሠራር አስቀድማ ያየችው ይመስለኛል። ስብሰባው አልቆ ሌላ ሲተካ፣ ጉልበቴ እየደረቀ፣ እኔም ተሽከርካሪ ወንበሬ ላይ እየተቁነጠነጥኩ ከረምኩ።

አራተኛውን እንደ ሌሎቹ አድርጌ መጻፍ አልቻልኩም። የግራናዋ እትዬ ማሚቴ ግድግዳ ወገባቸው ላይ ወድቆባቸው ከእኔ ጎን ይታከሙ ነበር። ያለ ደጋፊ መቀመጥ ጀምረው ነበር። ክፍሉ ሲዘጋ ቤታቸው ተኙ። የሚያገላብጣቸው ባለሙያ፣ ለቤተሰባቸውም እንዴት እንደሚገላበጡ የሚያሳይ ሰው አልነበረም። ከወገባቸው በታች ስለማይሰማቸው ቁስሉ አጥንት እስኪደርስ አላወቁትም። ወልድያ ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ልጠይቃቸው ብሄድ፣ ሰላምታዬን እንኳ ሳያስጨርሱኝ «ያ ክፍል ተከፈተ ወይ?» አሉኝ።

«አልተከፈተም፣ እትዬ» አልኳቸው።

«እንግዲያ አንተ እንዳትተኛ ልጄ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ እሳት ሆነብኝ። ከወልድያ ስመለስ ቤቴ ሳልገባ መርሳ ላይ ብረት የሚበይደው ሲራጅ ዘንድ ሄድኩ። የምፈልገውን ስነግረው ሜትሩን አወጣና «ቁመትህ ስንት ነው?» አለኝ።

«ተቀምጬ ነው ቆሜ?»

«ቆመህ ነዋ። ተቀምጠህማ ብረቱ ምን ያደርግልሃል?»

በቧንቧ ብረት ሠርቶ ግቢዬ ውስጥ በሲሚንቶ ተከለልኝ። ምሕረት ከቃለ ጉባኤዋ በተረፋት ጊዜ፣ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ትመጣ ጀመር። አስካለ ከፊቴ ተንበርክካ ጉልበቶቼን ትደግፋለች፤ ምሕረት ከኋላዬ ወገቤን ትይዛለች። ብዙ ጊዜ ወደቅሁ። ስንቆጣ፣ ስንኮራረፍ፣ እንደገና ስንጀምር ቆይተን፣ በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት አስካለ እጇን ለቀቀች፤ እኔም ቆሜ ቀረሁ። ከአጥሩ በላይ ዋናው መንገድ ታየኝ፤ አንድ አይሱዙ ወደ ወልድያ እያለፈ ነበር።

እንግዲህ ሰዎችዎ ፎቶ ሊያነሡት የመጡት ብረት ይህ ነው። የእትዬ ማሚቴ ቁስል እየዳነ ነው። ጉልበታቸው ግን ታጥፎ ስለደረቀ ከእንግዲህ የሚዘረጋ እንደማይመስላቸው ሐኪሞቹ ነግረዋቸዋል። ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎ፣ ክፍሉን እንዲከፍቱ፣ ብረቶቹን ከጓሮ አንስተው እንዲተክሉ፣ ምሕረትንም ወደ ሥራዋ እንዲመልሱ ነው። ለሪፖርቱ ሽፋን ግን የማዕከሉን ሥራ በትክክል የሚያሳየው የእኔ ሳይሆን የእትዬ ማሚቴ ፎቶ ነው። እሳቸውን ያንሡልን።

የማዕከልዎን በር ዘወትር ተዘግቶ በማየት የማልደክም፣ ለክብርዎ ከወገቤ በላይ የምሰግድ፣

ይታገሱ ደጀን
መርሳ

ማስታወሻ፦ በምረቃው ላይ እንድቆም ያቀረቡልኝን ግብዣ አስቤበት ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ለረጅም ጊዜ መቆም ገና ስለማልችል፣ ንግግርዎን እኔ ሳልወድቅ እንዲጨርሱልኝ ይሁን። ከወደቅሁም እንግዶችዎ አይደንግጡ፤ የምታነሣኝን ባለሙያ ቃለ ጉባኤ ስትጽፍ ያገኟታል።