በኮምፒውተር ክፍለ ጊዜ ደጋግሜ ስለ መስጠሜ

ለተከበሩ የሰፈራችን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፤

ጤናዎን ይስጥልኝ፤ ወንበርዎንም ያጽናልዎ። እኔ ከትምህርት ቤትዎ አጥር ሥር የምኖረው ሽማግሌው አናጺ ነኝ። ፊደል ስላልቆጠርኩ፣ የምናገረውን የምትጽፈው የእርስዎ ተማሪ የሆነችው የልጅ ልጄ ናት። ትንሽ ላለስልሰው ብትለኝ ከልክያታለሁ።

ተማሪዎችዎ ትምህርቱ እንዳይሰለቻቸው ተብሎ ሰፈራችን እንዳለ በልጆቹ እጅ ተሠርቶ ኮምፒውተር ውስጥ መግባቱንና ጎርፍ እየተለቀቀበት መሆኑን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አጣ። መጀመሪያ የሚሰምጠው የእኔ ቤት ነው አሉ። ክፍሉም ያጨበጭባል። ለክብሩ አመሰግናለሁ፤ ቅሬታዎቼ ግን እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ በእኔ አምሳል የተሠራው ሽማግሌ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ውሃው አንገቱ ድረስ ሲመጣ እንኳ አይነሳም። የልጅ ልጄን ምነው ብላት «አባባ፣ አንተን እኮ ነው የሠራሁት፤ ተነስ ሲሉህ መቼ ተነስተህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

ሁለተኛ፣ ባለፈው ሳምንት የመሬት መንቀጥቀጥ ተደርጎ ከእኔ ቤት በቀር ሰፈሩ በሙሉ ፈረሰ። በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ቤቱን የሠራሁት ራሴ ነኝ።

ሦስተኛ፣ ውሃው ለምን እኔን እንደሚያስቀድም ልጆቹ ደርሰውበታል። የትምህርት ቤቱ የውሃ መውረጃ ቦይ በተሰባበሩ ወንበሮች ስለ ተደፈነ መሄጃ ያጣው ውሃ ወደ በሬ ይዞራል። ይህንኑ በየክረምቱ ቢሮዎ ድረስ እየመጣሁ ስነግርዎ ይጠናል ሲሉኝ ነበር። ይኸው ተጠና። የልጅ ልጄ ቦዩን በአንድ ጣቷ ጠረገችው፤ ሽማግሌውም በርጩማው ላይ እንደ ተቀመጠ እግሩ ሳይረጥብ ዳነ። እርስዎም በሰልፍ ላይ ሸለሟት።

ዛሬ ጠዋት ሄጄ አየሁ። ወንበሮቹ እዚያው ናቸው፤ ደመናው ከብዷል። እኔስ እንደ ተባለው አልነሳም፤ የሸለሟት ልጅ ግን የምታድረው እኔው ቤት፣ በሩ ሥር በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ነው። ስለዚህ ሽልማቱን መልሰው ይውሰዱትና አካፋ የያዘ ሰው ይላኩልኝ።

በኮምፒውተርዎ ሟች፣ በአጥርዎ ሥር ግን ገና በሕይወት ያለሁ፣ በአውራ ጣቴ የፈረምኩ አክባሪዎ።

ግልባጭ፦
በትምህርት ቤቱ በር ለሚያልፍ ሁሉ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ልጆቹ በኮምፒውተሩ እንዳዩት፣ ዝናቡ ካላባራ ከእኔ ቀጥሎ የሚሰምጠው የእርስዎ ቢሮ ነው። እርስዎም ከወንበርዎ አይነሱም። ልጅቷ እርስዎን ለመሥራት ብዙ አልደከመችም፤ እኔኑ ገልብጣ ከረባት አሰረችልኝ።